ጣፋጭ ወይስ ጨዋማ

— ሄሎ... አቤት... ማን ልበል?... አይሰማም፤ ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማኝ... ማን?... ሳማታር! አንተ ነህ እንዴ? የት ሆነህ ነው ድምፅህ እንዲህ የራቀው?

ራጉኤል ከወንበሩ ተነስቶ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል እንደያዘ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳማታር ሲደውል መጀመሪያ የሚሰማው ሳቁ ነበር። ዛሬ ግን ሳቅ የለም።

— ኮረብታ ላይ?... ከምትቆፍሩበት አጠገብ?... ኔትወርክ ፍለጋ ነው የወጣኸው?... ከደምበል ከተማ ራቅ ብላችኋላ... እሺ። ባትሪ አለህ?... ግማሽ? ደህና ነው፣ ይበቃናል። በል ንገረኝ።

ሁለቱ የተዋወቁት አርባ ምንጭ ነው፤ አንዱ ኮምፒዩተር፣ አንዱ ውሃ ሲያጠኑ። ራጉኤል ጅጅጋ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ አያቱ በወታደርነት መጥተው እዚያው አግብተው፣ እዚያው ወልደው የቀሩ ሰው ነበሩ። ሶማሊኛው ግን ከገበያና ከባጃጅ አያልፍም። ሳማታር አማርኛውን ያሾለው በተማሪ ቤት ስለሆነ፣ ሲገናኙ በዚያው ልማዳቸው በአማርኛ ያወጋሉ። ከትምህርት በኋላ ሁለቱም ዳመና በሚባል የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ማኅበር ተቀጠሩ። ሳማታር ሜዳ ለሜዳ ውሃ ይፈልጋል፤ ራጉኤል ጅጅጋ ቢሮ ቁጭ ብሎ የውሃውን መረጃ ይጠብቃል።

ዘመኑ 2008 ዓ.ም. ነበር። በሲቲ ዞን ዝናቡ ደጋግሞ ቀርቶ ከብቱ በየመንገዱ ወድቆ ነበር። ሳማታር ከመቆፈሪያ መኪናው፣ ከሪጉ ጋር ወደ ደምበል ከወረደ ሰንብቷል።

— ውሃ አገኛችሁ? ... ኢዲል! ኢዲል፣ ውሃ አገኙ! ... አዎ፣ እዚሁ አጠገቤ ናት፣ እልል ልትል ነው... ትንሽ?... ምን ያህል ትንሽ?... ጣዕሙስ?... ጣፋጭ ነው? እሰይ! ታዲያ ምን ሆነህ ነው እንደ ለቀስተኛ የምታወራው?

ኢዲል ከጠረጴዛዋ ተነስታ መጣች። የጉድጓዶቹን መረጃ ለዓመታት ኮምፒዩተር ውስጥ ስታስገባ የኖረች ሴት ናት፤ ደምበል ስትባል እዚያ ያሉት መንደሮች ሁሉ በስም ይመጡላታል። ራጉኤል እጁን ዘርግቶ «ቆይ» አላት።

— ለሰው ይበቃል፣ ለከብት አይበቃም... ገባኝ። ታዲያ ወደ ታች ቀጥላ!... ለምን?... ቆይ፣ ቀስ በል፤ እኔ የኮምፒዩተር ሰው ነኝ፣ እንደ ልጅ አስረዳኝ... እሺ... ከሥር ሌላ ውሃ አለ... እሱ ጨዋማ ከሆነ ሽቅብ ይወጣና የላይኛውን ያበላሸዋል... ሁለቱን ውሃ መለያ ቧንቧ የላችሁም?... አልቋል። ሲሚንቶስ?... እሱም አልቋል። ስለዚህ አንዴ ከነካኸው መመለሻ የለውም ማለት ነው... እና ለምን እስኪመጣላችሁ አትጠብቁም?... ዛሬ? ሪጉ ዛሬ ይሄዳል? ወዴት?... ደወሌ። እዚያም ሰው እየጠበቀ ነው... እሱማ ነው።

ከስልኩ ውስጥ ከነፋሱ ኋላ የሞተር ድምፅ፣ ከሞተሩም ኋላ የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማ ነበር። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ፍየል ያለቅሳል።

— የቱ አሮጌ ጉድጓድ?... አዎ፣ አወቅሁት። አንተ ከምትቆፍርበት አጠገብ ያለው፣ የታሸገው... አዎ፣ ያኔ የቆፈሩት ታችኛው ውሃ ድረስ ወርደው ነበር። ቀምሰው መዝግበዋል። መረጃው እኛ ጋ ነው...

 እዚህ ላይ ሳማታር ምን ሊጠይቀው እንደደወለ ለራጉኤል ገባው። 

— ሰማሁህ... ሰምቼሃለሁ ሳማታር፣ አልጠፋሁም... አለ፤ መረጃው አለ። ግን አይከፈትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳመና የጉድጓዶቹን መረጃ ያስቀመጠው ከአንድ ድርጅት በተገዛ የመረጃ ቋት ውስጥ ነበር። ፕሮግራሙ በየዓመቱ የሚከፈልበት ላይሰንስ፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ ይፈልጋል። ላይሰንሱን ይከፍሉ የነበሩት ረጂዎች ሲሄዱ፣ ማኅበሩ መክሮ ሁሉንም ነገር ወደ ነፃው፣ ወደ ክፍቱ ሶፍትዌር ለማዞር ወሰነ። ራጉኤል ኮምፒዩተሮቹ ላይ አንድ በአንድ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጫነባቸው፤ አዲስ የመረጃ ቋት ሠራ፤ መጀመሪያ ያጉረመረሙት የቢሮው ሰዎች ቫይረሱ ሲቀርላቸው መረቁት። ወደ አዲሱ ቤት አልገባ ያለው አሮጌው መረጃ ብቻ ነው። እሱን ለማንበብ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ከነፕሮግራሙ ጥግ ላይ ተትቶ ነበር። በቅርቡ መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና ያንን ኮምፒዩተር አቃጠለው። ራጉኤል ዲስኩን አውጥቶ መረጃውን በሙሉ ወደ አዲሱ ሰርቨር ገለበጠ። አንዲት ነገር አልጎደለችም። ግን ያ መረጃ የሚያናግረው የባለቤቱን ድርጅት ድራይቨር ብቻ ነው፤ ድራይቨሩም ላይሰንስ ካላየ አፉን አይከፍትም።

— አንተ እየቀለድኩ ይመስልሃል? እዚህ ፊቴ ላይ ነው! ፋይሉን አየዋለሁ። መጠኑን አየዋለሁ። ውስጡን ነው የማላየው... ድራይቨር የለኝም... ድራይቨር!... አይ፣ ሾፌር አይደለም... ምን አሉ አጠገብህ ያሉት ሽማግሌ?... «ሾፌር ከጠፋ የእኛ ልጅ ይንዳላቸው»?... 

ሊስቅ ነበር፣ ተወው።

— ... አመስግንልኝ። ሾፌር አይደለም በላቸው። አስተርጓሚ በላቸው። መረጃው በሌላ ቋንቋ ነው የሚናገረው፣ አስተርጓሚው ደግሞ አይመጣም ብሏል በላቸው... አዎ፣ እንደዚያ በል።

መረጃው የተጻፈበት ወረቀትስ ብሎ ጠየቀው መሰል፣ ራጉኤል ራሱን ነቀነቀ፤ ሰውየው የሚያየው ይመስል።

— ወረቀቱን መጋዘን ውስጥ ምስጥ ጨርሶታል። አይተኸዋል እኮ፣ አብረን ነው ዱቄቱን የጠረግነው... ሰዎቹስ? ከመካከላቸው ያን ጊዜ ውሃውን የቀመሰ የለም?... ጅቡቲ በኩል ተሰደው ነበር... ሲመለሱ ታሽጎ አገኙት። ለምን እንደታሸገ ግን አያውቁም... ጨው ሆኖ ይሁን፣ ሞተሩ ሳይመጣ ቀርቶ... እሱማ፣ ሞተር በማጣት የታሸገውም ብዙ ነው።

ከዚያ ወደ ኢዲል ዞረ።

— ኢዲል፣ በጠረጴዛው ስልክ አዲስ አበባ ደውይላቸው። የፕሮግራሙ ወኪሎች ጋ። የሰው ሕይወት ነው በያቸው፣ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ይክፈቱልን... አንተን አይደለም ሳማታር፣ ኢዲልን ነው። ቆይ አትዝጋ። እኔም አንድ ነገር ልሞክር። በጎ ፈቃደኞች የሠሩት ነፃ ድራይቨር አለ፤ ስንት ጊዜ ታግዬበታለሁ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው የሆነብኝ። አዲስ አውጥተዋል፤ ትናንት ነው ያወረድኩት... አላውቅም። አላውቅም አልኩህ፣ እንሞክረው።

ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና መተየብ ጀመረ። የቢሮው ጣሪያ ቆርቆሮ ፀሐይ መትቶት ጠሽ ጠሽ ይላል። ከወዲያ ኢዲል በሰላምታ ጀምራ በልመና ስትጨርስ ይሰማል።

— አለሁ፣ አለሁ፣ እየጫንኩ ነው... አይ፣ እምቢ አለ... ሌላ ፋይል ይጎድለዋል፣ ቆይ... ሪጉ ሞተሩን አጠፋ?... ነዳጅ ለመቆጠብ። ጥሩ አደረጋችሁ... ኢዲል፣ ምን አሉሽ?... ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው? ሌላ ሰው የለም ወይ በያቸው!... ደብዳቤ? ማኅተም ያለበት ደብዳቤ?... በያቸው እንልካለን፣ ዛሬውኑ እንልካለን፣ መጀመሪያ ግን... ዘጋችው? እንደገና ደውይ። እስኪሰለቻቸው ደውይ... አይ ሳማታር፣ ምንም አይደለም። እየደወለች ነው።

ጣቶቹ ፊደሉን እየሳቱ ደጋግሞ አጠፋ፣ ደጋግሞ ጻፈ። ያኔ ስክሪኑ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ የለመደው የስህተት መልእክት ሳይመጣ ቀረ።

— ቆይ... ቆይ ቆይ ቆይ። ገባ! ሳማታር፣ ገባልኝ!... አዎ! የጉድጓዶቹ ቁጥር እየመጣ ነው... ኢዲል ነዪ፣ ነዪ እዪ!... ደምበል... የቱ ነው የአንተ? ቁጥሩን ንገረኝ... እሺ... አገኘሁት። አገኘሁት! ጥልቀት መቶ ስልሳ ሁለት ሜትር... አዎ፣ ከአንተ በታች ነው። ብዛቱ... ስማኝ፣ በሴኮንድ ስድስት ሊትር! ስድስት! ... ሄሎ? ምንድነው ጩኸቱ?... ነገርካቸው እንዴ? ለምን ነገርካቸው? ገና ጣዕሙን አላየሁም እኮ!

ከስልኩ የወጣው የደስታ ጩኸት ቢሮውን ሞላው። ስድስት ሊትር ማለት ግመሉም፣ ፍየሉም፣ ሰውም ጠጥቶ የሚተርፍ ነው። ራጉኤል የጣዕሙን ዓምድ ፍለጋ መስመሩን ወደ ቀኝ ገፋው።

ኢዲል ከትከሻው በላይ ጎንበስ ብላ አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

— አለሁ... ሳማታር፣ ዝም በልልኝ እስቲ ትንሽ። ዝም አሰኛቸው... ቁጥሩን ያነባል፣ ድራይቨሩ። የእኛን ፊደል ግን አያውቅም። ፊደል ባለበት ሁሉ የጥያቄ ምልክት ነው የሚያስቀምጠው... አዎ፣ ጥያቄ ምልክት። ጣዕም የሚለው ላይ ሦስት የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ ግን ዓይኑ ፈጠጠ።

— ቆይ! ለአንድ ፊደል አንድ ምልክት ነው! ኢዲል፣ ጣዕሙን ስታስገቢ በእጅሽ ነበር የምትጽፊው?... ከምርጫ? ምርጫዎቹ ስንት ነበሩ?... ሁለት ብቻ። ጣፋጭ ወይም ጨዋማ... ሳማታር፣ ሰማህ? ሁለት ምርጫ ብቻ ነው፤ ፊደሉን እንቆጥራለን! ሦስት ፊደል ያለው የቱ ነው... ጣ፣ ፋ፣ ጭ። ሦስት! ሦስት ነው ሳማታር! ጣፋጭ ነ...

ኢዲል ክንዱን ያዘችው። ጣቶቿን ፊት ለፊቱ አንድ በአንድ አነሳች። ጨ። ዋ። ማ።

— ... አይ። አይ ሳማታር፣ ቆይ፣ አስነሳችሁት እንዴ? ሞተሩን አጥፋ በለው! አጥፋ!... ጨዋማም ሦስት ነው... አዎ። ሁለቱም ሦስት ናቸው... አልለየሁትም። ወንድሜ፣ አልለየሁትም።

ሞተሩ ጠፋ። 

— ... አውቃለሁ... እኔን ግን እንደዚያ አትጠይቀኝ... ኢዲልም አታስታውሰውም፤ ስንትና ስንት ጉድጓድ ነው በእጇ ያለፈው... «ይመስለኛል» ብዬ እንድነግርህ ነው የምትፈልገው? ይመስለኛል ብል ትቆፍራለህ እኮ! ጨው ከወጣ ያቺን ያገኛችኋትን ታጠፋለህ፤ ሕፃናቱ ምን ይጠጣሉ?... ዝም ብልህም ከብቱ ያልቃል። አውቃለሁ አልኩህ! ... ይቅርታ። አንተን አይደለም የምጮኸው... ማን?... ማን ናቸው?... አይ፣ ምን እላቸዋለሁ? ሶማሊኛዬን ታውቀዋለህ... ሳማታር፣ አትስጣቸው...

ስልኩ ግን እጅ ቀይሮ ነበር። የሴት ድምፅ መጣ፤ የከረረ፣ የደረቀ፣ ግን ያልተቻኮለ።

— ሀዬ፣ ኤዶ... ሀዬ... ራጉኤል... አዎ፣ ጅጅጋ... ደሃቦ? ሀዬ፣ ኤዶ ደሃቦ...

በአክብሮት «አክስቴ» ይላቸዋል እንጂ ከሚናገሩት ብዙው ያመልጠው ነበር። ፍየል የሚለውን ያዘ። ልጅ የሚለውን ያዘ። ከዚያ ሴትየዋ ንግግራቸውን አሳጠሩና ገበያ ያደገ ልጅ ሁሉ የሚያውቃትን ቃል ጠየቁት፤ መዓን? ጣፋጭ ነው? ኢዲል ልታስተረጉምለት እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች። ራጉኤል ግን ጥያቄው አልጠፋውም። መልሱንም በሶማሊኛ ያውቀዋል፤ ጅጅጋ ውስጥ ቋንቋ ያልሞላለት ሰው መጀመሪያ የሚማረው እሱን ነው።

— ማ ኦጊ፣ ኤዶ... 

ደግመው ጠየቁት።

— ማ ኦጊ። አላውቅም፣ ኤዶ። ዋላሂ አላውቅም።

ወደ ጎን ሄዶ የመስኮቱን ብረት በአንድ እጁ ጨበጠ። ወዲያ ማዶ ደሃቦ ስልኩን ለሳማታር መለሱ እንጂ ማውራታቸውን አላቆሙም። አሁን የሚያወሩት ለሕዝቡ ነበር። ወንዶች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያቋርጧቸዋል፤ እሳቸው ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

— ሳማታር?... ምን እያሉ ነው?... ግመል ያላቸው ቆፍር ይላሉ። እሺ... ደሃቦስ?... የራሳቸው ፍየሎች አልቀዋል? ሁሉም?... ኦ... እና ምን አሉ?... «ያለኝን አታፍስሱብኝ»። «ሕፃን ግመል እስኪጠጣ አይጠብቅም»... እሺ... አይ፣ እኔ የምለው የለኝም። እኔ ምን እላለሁ?... ተው፣ እኔን ዳኛ አታድርገኝ። እኔ እኮ ምልክት ነው የማየው፣ ሦስት ምልክት...

ኢዲል የጠረጴዛውን ስልክ ዘግታ መጣች። ሰውየው ከስብሰባ ወደ ምሳ መውጣቱን፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሌላ ስብሰባ እንዳለው በለሆሳስ ነገረችው። 

— አይ፣ አልተገኘም። ከአዲስ አበባ ምንም የለም... ወሰኑ?... አንተ ነህ የወሰንከው ወይስ እነሱ?... ይቆም አልክ... ሳማታር፣ እኔም ብሆን... አላውቅም፤ እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ሰዎቹስ?... አይፈረድባቸውም፤ ይቆጡ። በድንጋይ ካልመቱህ... ኧረ ባክህ ውረድ ከዚያ ኮረብታ፣ ከሾፌሮቹ ጋር ሁን... ተቀመጡ?... መሬት ላይ ተቀመጡ? ምንም ሳይሉ?

በስልኩ ውስጥ ብረት ከብረት ሲላተም ይሰማ ጀመር። ቧንቧውን ከጉድጓዱ እየነቀሉ ነው። ሪጉ ለደወሌ መንገድ ሊሰናዳ ነው።

— ... እሰማዋለሁ፣ አዎ... ያቺ ትንሿ ውሃ እንኳ በእጅ ፓምፕ ትወጣለች አይደል?... እሱ ጥሩ ነው። ደሃቦ ምን እያደረጉ ነው?... ጀሪካን ይደረድራሉ... ከብቶቹስ ወዴት ሊነዱ ነው?... እዚያ ድረስ? በዚህ አቅማቸው?... ስንቱ ይደርሳል ብለህ... እሺ። እሺ፣ አትንገረኝ።

ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ሦስቱ ምልክቶች ስክሪኑ ላይ እንዳሉ ናቸው። ኢዲል ማየት ሰልችቷት ይሁን አዝናለት፣ ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

— ሳማታር፣ ስማኝ። እኔ ይህን ነገር አልተወውም። ደብዳቤውን ይዤ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ወይ ቁልፉን ይሰጡኛል፣ ወይ ይህን ነፃውን ድራይቨር ራሴ ፊደል አስተምረዋለሁ። የፈጀውን ይፍጅ እከፍተዋለሁ። የከፈትኩ ዕለት እደውልልህና... ምን?... ለምን አልደውልም?

ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

— ... እሺ... ጨዋማ ከሆነ ልደውልልህ። ሌሊትም ቢሆን... እሺ፣ የትም ብትሆን። ተኝተህም ቢሆን እቀሰቅስሃለሁ... ጣፋጭ ከሆነስ?

ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ፉጨት አሰማ።

— ... ገባኝ። ከብቱ በከንቱ አለቀ ብዬ አልነግርህም... እሺ አልኩህ፤ ጣፋጭ ከሆነ አልደውልም። ለማንም አልናገርም... ባትሪህ አለቀ እንዴ? ድምፅህ እየተቆራረጠ ነው... ሳማታር፣ አንድ ነገር ብቻ... ግን እኮ ካልደወልኩልህ ታውቀዋለህ። ዝም ካልኩህ ጣፋጭ ነበር ማለት ነው እኮ። ትሰማኛለህ?... ሳማታር?... ሄሎ?... ሄሎ?

መስመሩ ተቋርጦ ነበር።